ውሃ የገባበት ሞተርና የኮምፕሬሽን ምርመራ፦ ከእንፋሎት ባቡር እስከ ማኅበራችን ትራክተር

የኅብረት ሥራ ማኅበራት ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ በአብዛኛው የሚወሳው የአባላት ቁጥር፣ የካፒታል ዕድገትና የትርፍ ክፍፍል ነው። አባላት ባዋጡት ገንዘብ የተገዙት ትራክተሮች፣ የጭነት መኪናዎች፣ የውሃ ፓምፖችና የወፍጮ ሞተሮችም የዚሁ ታሪክ አካል ናቸው። አዋጅ ቁጥር 147/1991 ለማኅበራት አዲስ ሕጋዊ መሠረት ከጣለና በኋላም በአዋጅ ቁጥር 985/2009 ከተተካ ወዲህ በርካታ ማኅበራትና ዩኒየኖች የማሽን ባለቤት ሆነዋል። የጋራ ማሽን ሲበላሽ ደግሞ የሚጎዳው አንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ በእርሻ ወቅት ወረፋውን የሚጠብቀው አባል ሁሉ ነው።

ማሽንን በአንድ ቀን ከጥቅም ውጪ ከሚያደርጉ አደጋዎች መካከል አንዱ ውሃ ነው። ይሁን እንጂ ጎርፍ ያገኘው ሞተር ሁሉ የሞተ አይደለም። ቆሞ ሳለ ውሃ የገባበት ሞተር በአብዛኛው ሊድን ይችላል። ብዙውን ጊዜ የሚሰበረው ውሃው ሳይወጣለት «እስቲ ይነሳ እንደሆነ» ተብሎ ቁልፉ ሲዞር ነው። ይህ ለምን እንደሚሆን ለመረዳት የሞተርን ታሪክ ከሥሩ ማየት ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ሞተር በኃይልና በቁጠባ ባደገ ቁጥር ውሃን የመቻል አቅሙ እየቀነሰ መጥቷል።

ውሃ አይታመቅም

አየር ይታመቃል። የብስክሌት ጎማ የነፋ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ውሃ ግን ሞተር ውስጥ በሚገኘው ግፊት ታምቆ ቦታ አይለቅም። በሲሊንደር ውስጥ ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ ውሃ ከጠበቀው ሁለት ብርቱዎች ይጋጠማሉ፤ ፒስተኑ ይቆማል፣ ሞተሩ ግን መዞር ይፈልጋል። በመካከል ያለው ቢየላ ይጣመማል፣ አንዳንዴም ይሰበራል።

ይህን ጠብ መጀመሪያ ያወቁት የእንፋሎት ሞተር ሠራተኞች ናቸው። እንፋሎት ቀዝቃዛ ሲሊንደር ሲነካ ወደ ውሃነት ይመለሳል። ስለዚህ ባቡር ነጂ ከጣቢያ ከመነሳቱ በፊት ከሲሊንደሮቹ ሥር ያሉትን ትናንሽ ቧንቧዎች ከፍቶ ውሃውን ያስወጣ ነበር። ባቡሩ ሲነሳ በጎንና ጎኑ የሚተፋው ነጭ እንፋሎት የሚወጣው ከእነዚህ ቧንቧዎች ነው። ይህን የዘነጋ ነጂ የሲሊንደሩን ክዳን ሊያስፈነጥር ይችላል። በእኛም ሀገር የጅቡቲው ምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ ይኸው ሥርዓት አብሮ ገብቷል። ውሃውን ሳታስወጣ አትንቀሳቀስ የሚለው ደንብ እንግዲህ ከናፍጣ ሞተር ይቀድማል።

ምስጢር የነበረው መለኪያ

የሲሊንደርን ጤና በዓይን ማየት አይቻልም፤ ብረት ነው፣ ዝግ ነው። ስለዚህ የግድ በመለኪያ መታወቅ ነበረበት። የእንፋሎት ሞተርን ባሻሻለው በጄምስ ዋት ድርጅት ይሠራ የነበረው ጆን ሳዘርን እ.ኤ.አ. በ1796 በሲሊንደር ውስጥ ያለውን ግፊት ፒስተኑ ሲመላለስ በወረቀት ላይ በመስመር የሚሥል መሣሪያ ሠራ። መስመሩን ያነበበ ሰው ቫልቩ መቼ እንደሚከፈት፣ እንፋሎቱ የት እንደሚባክን ማወቅ ይችል ነበር። ድርጅቱ ይህን መሣሪያ ለረጅም ጊዜ በምስጢር ይዞ ተጠቀመበት። እውቀቱ በሰፊው መታወቅ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ ነው።

ይህ ታሪክ ለእኛም ትምህርት አለው። መለኪያው ከመኖሩ በፊት የሞተር ብልሽት በግምት ይነገር ነበር። መለኪያው የነበረው ሰው በቁጥር ይናገር ነበር። ዛሬ የኮምፕሬሽን መለኪያ በማንኛውም የመለዋወጫ ገበያ የሚገኝ ቀላል ዕቃ ነው። የአንድን ትራክተር ዕጣ በግምት የሚወስን ማኅበር ካለ ከ200 ዓመት በፊት ወደነበረው አሠራር ተመልሷል ማለት ነው።

እመቃ እየበረታ ሲሄድ

እ.ኤ.አ. በ1860 ኤቲየን ሌኗር በፓሪስ ያቀረበው የጋዝ ሞተር ጋዙን አስቀድሞ ሳያምቅ የሚያቃጥል በመሆኑ ብዙ ነዳጅ እየበላ ጥቂት ሥራ ይሠራ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ፈረንሳዊው አልፎንስ ቦ ደ ሮሻ አየርና ጋዙ ከመቃጠሉ በፊት ቢታመቅ ኃይሉ እንደሚጨምር በጽሑፍ አስረዳ። እ.ኤ.አ. በ1876 ጀርመናዊው ኒኮላውስ ኦቶ ባለ አራት ምት ሞተሩን ሠርቶ ይህን በተግባር አሳየ። የኦቶ ሞተር የሚያምቀው ከሁለት ተኩል እስከ ሦስት እጥፍ ብቻ ነበር።

እመቃን እስከ ጫፍ የወሰደው ሩዶልፍ ዲዝል ነው። የእርሱ ሐሳብ አየሩን እጅግ አጥብቆ በማመቅ ራሱ አየሩ ነዳጅ እስኪያቀጣጥል ድረስ እንዲግል ማድረግ ነበር። ነሐሴ 10 ቀን 1893 እ.ኤ.አ. በአውግስቡርግ ከተማ የመጀመሪያው ሞተር ሲሞከር ከግፊቱ ብርታት የተነሳ የግፊት መለኪያው ራሱ ፈነዳ። ከብዙ ውድቀትና ሙከራ በኋላ እ.ኤ.አ. የካቲት 17 ቀን 1897 ፕሮፌሰር ሞሪትዝ ሽሬተር ባደረገው ይፋ ምርመራ ሞተሩ ከነዳጁ ጉልበት 26.2 ከመቶውን ወደ ሥራ እንደሚለውጥ ተረጋገጠ። ይህ በዘመኑ ከነበሩት የእንፋሎት ሞተሮች በእጅጉ የላቀ ነበር።

እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን ነገር አለ። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። የሚነሳው በእመቃ ብቻ ነው። ኮምፕሬሽኑ የወደቀ የቤንዚን ሞተር እየተንገታገተ ሊሠራ ይችል ይሆናል፤ ኮምፕሬሽኑ የወደቀ የናፍጣ ሞተር ግን በተለይ በጠዋት ብርድ ጭራሽ አይነሳም። እመቃው ብዙ በሆነ መጠንም ፒስተኑ እላይ ሲደርስ የሚተርፈው ክፍት ቦታ እጅግ ጠባብ ይሆናል።

ይህን በምናውቀው ማሽን እናስላው። ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚንስክ የተመረተው ቤላሩስ ኤምቲዜድ-80 ትራክተር አራት ሲሊንደር፣ በድምሩ 4.75 ሊትር ይዘትና 16 እጥፍ እመቃ ያለው ሞተር አለው። ለአንዱ ሲሊንደር 1.19 ሊትር ያህል ይደርሰዋል። ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ የሚተርፈው ቦታ ወደ 79 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ይህም የአንድ ሲኒ ቡና ያህል ማለት ነው። ከዚያ በላይ ውሃ በአንዱ ሲሊንደር ውስጥ ከተጠራቀመና ቫልቮቹ ከተዘጉ ፒስተኑ የሚሄድበት የለውም።

ሞተር ወደ ሀገራችን ሲገባ

የመጀመሪያው አውቶሞቢል በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባ ደረሰ። በጀርመን የመጀመሪያዎቹ የናፍጣ የጭነት መኪናዎች እ.ኤ.አ. በ1924 ታዩ፤ የቦሽ ኩባንያም ከ1927 ጀምሮ የናፍጣ ፖምፓ በብዛት ማምረት በመጀመሩ የናፍጣ መኪና በዓለም ተስፋፋ። በኢጣሊያ ወረራ ዘመን የገቡት፣ ሕዝባችን «ትሬንታ ኳትሮ» ያላቸው ፊያት የጭነት መኪናዎች የዚህ ትውልድ ናቸው። መካኒኮቻችን እስከ ዛሬ ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ቢየላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ የሚሉት ሙያው በዚያ ቋንቋ ስለተማረ ነው።

በገጠር ደግሞ ብዙው ሕዝብ ሞተርን የተዋወቀው በወፍጮ ቤት ነው። እንደ ሊስተር ያሉ በእጅ የሚዞሩ የናፍጣ ሞተሮች ሲነሱ የእመቃን ብርታት ክንድ ላይ ያሳውቃሉ። በብዙዎቹ ላይ ያለችው ትንሽ ማንሻ ቫልቩን ከፍታ አየሩን ስለምታስወጣ ሰው ሞተሩን እንዲያዞር ያስችለዋል። ፍጥነት ሲያገኝ ማንሻዋ ትመለስና ሞተሩ ይነሳል።

ትራክተርም በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በአርሲ ጭላሎ፣ በአዋሽ ሸለቆና በሰቲት ሁመራ ሰፋ። በደርግ ዘመን ደግሞ በሶቪየት ኅብረት እገዛ በናዝሬት የትራክተር መገጣጠሚያ ፋብሪካ ተቋቁሞ የቤላሩስ ትራክተሮችን ለመንግሥት እርሻዎችና ለገበሬዎች አምራች ማኅበራት አቅርቧል።

ጎርፍ የነካው ሞተር

የሀገራችን ለም መሬት በአብዛኛው ወንዝ ዳር ነው፤ ማሽኑም እዚያው ይውላል። የ1998 ዓ.ም. ክረምት ይህን በመራራ ሁኔታ አስታውሶናል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ድሬዳዋን አጥለቅልቆ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። በዚያው ክረምት የኦሞ ወንዝ በደቡብ ኦሞ የብዙ መቶ ሰዎችን ሕይወት ቀጠፈ። ርብና ጉማራ ወንዞች ከጣና ሐይቅ ጋር ሞልተው የፎገራንና የአካባቢውን ሜዳ ሸፈኑ። በ2012 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ አዋሽ ሞልቶ በአፋር ሰፊ እርሻ ዋጠ። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሰው ሕይወት ይቀድማል፤ ስለ ማሽን የሚታሰበው ከዚያ በኋላ ነው። ነገር ግን ጎርፉ ሲጎድል ቀጣዩን ሰብል የሚያርሰውና መስኖ የሚስበው ያው ማሽን ነው።

በበለጸጉት አገሮች ውሃ የገባበትን መኪና መጣል የተለመደ ነው። ታይላንድ እ.ኤ.አ. በ2011 በጎርፍ ስትጥለቀለቅ የሆንዳ ኩባንያ በአዩታያ ፋብሪካው ውሃ የነካቸውን 1,055 አዳዲስ መኪናዎች ሰባብሮ አስወግዷል። የአርሶ አደር ማኅበር ግን ትራክተሩን አይጥልም። ስለዚህ የማዳን ሙያውን ማወቅ አለበት።

መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ሞተሩ ውሃ ሲገባበት ቆሞ ነበር ወይስ እየሠራ ነበር የሚለው ነው። ወንዝ ሲያቋርጥ በአየር ማጣሪያው በኩል ውሃ ስቦ የጠፋ ሞተር በዚያው ቅጽበት ቢየላው ሊጣመም ይችላል። በአንዳንድ ላንድክሩዘሮች ጎን እስከ ጣሪያ የሚወጣው ቱቦ አየር ከከፍታ እንዲስብ የተሠራው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 የሕብረቱ ጦር በኖርማንዲ ባሕር ዳርቻ ሲያርፍ መኪናዎቹንና ታንኮቹን በዚሁ ዘዴ አዘጋጅቶ ነበር። ቆሞ ሳለ የተጥለቀለቀ ሞተር ግን ውስጡ ውሃና ጭቃ ቢኖርም ብረቱ ገና ደህና ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ሞተሩን ለማስነሳት ፈጽሞ አለመሞከር፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ መንቀል፣ ቀጥሎም የዘይት መለኪያ ዘንጉን አውጥቶ ማየት። ዘይቱ ሻይ በወተት መስሎ ከተገኘ ወይም መጠኑ ከፍ ካለ ውሃ ገብቶበታል። የአየር ማጣሪያው እርጥብ መሆኑም ውሃው ወደ ሲሊንደር ሊደርስ እንደሚችል ያመለክታል። ነዳጅ ታንከሩና የነዳጅ ማጣሪያውም ይፈተሻሉ፤ ውሃ ከናፍጣ በታች ስለሚዘቅጥ ፖምፓውንና ኖዝሎቹን ይጎዳል።

ከዚያ በቤንዚን ሞተር ካንዴላዎቹ፣ በናፍጣ ሞተር ኖዝሎቹ ወይም የማሞቂያ ካንዴሌታዎቹ በሙሉ ይፈታሉ። ውሃው መውጫ አገኘ ማለት ነው። ሞተሩ በቁልፍ በእጅ ቀስ ብሎ ሁለት ሙሉ ዙር ይዞራል። አልዞርም ካለ ማስገደድ አይገባም። በነጻ ከዞረ በኋላ ብቻ በሞተሪኖ አጠር አጠር አድርጎ ማዞር ይቻላል፤ ውሃው በኃይል ስለሚፈናጠር ማንም ሰው ፊቱን ወደ ቀዳዳው ማቅረብ የለበትም። ያደፈው ዘይትና ማጣሪያው ይጣላሉ፤ አዲስ ዘይት ይገባል፤ ሞተሩ ከተነሳና ጥቂት ከሠራ በኋላም ዘይቱ እንደገና ይቀየራል።

«የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» የሚባለው እዚህ ላይ ይሠራል። ቸልተኝነትም ከችኮላ አይሻልም። ውሃ በሲሊንደር ውስጥ ከሰነበተ ዝገት የፒስተን ቀለበቶቹን ከግድግዳው ጋር ያጣብቃል። ስለዚህ መካኒክ እስኪመጣ ቀናት የሚወስድ ከሆነ ውሃውን አስወጥቶ በየሲሊንደሩ ጥቂት ዘይት ጠብ ማድረግና ሞተሩን በእጅ ማዞር ጊዜ ይገዛል።

መለኪያው የሚነግረን

የኮምፕሬሽን ምርመራ የሚደረገው ውሃው ወጥቶ፣ ዘይቱ ተቀይሮ፣ ባትሪው ሙሉ ሆኖ ነው። ነዳጅና ማቀጣጠያው ይቋረጣሉ፤ በቤንዚን ሞተር የነዳጅ መርገጫው እስከ መጨረሻ ተረግጦ ይያዛል። መለኪያው በየቀዳዳው በተራ ይታሰራል፤ ለሁሉም ሲሊንደር እኩል ምት፣ ለምሳሌ ስድስት ስድስት ጊዜ፣ ከዞረ በኋላ የታየው ቁጥር ይጻፋል። ጤነኛ የቤንዚን ሞተር በባሕር ጠለል አካባቢ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 13 ባር፣ የናፍጣ ሞተር ደግሞ ከ20 እስከ 30 ባርና ከዚያ በላይ ያሳያል። ስለዚህ የቤንዚን መለኪያን በናፍጣ ሞተር ላይ ማሰር አደጋ ነው። ትክክለኛው ቁጥር በማሽኑ መመሪያ መጽሐፍ ላይ ይገኛል።

ከቁጥሩ ይልቅ የሚበልጠው ግን የሲሊንደሮቹ እኩልነት ነው። ከሌሎቹ ከ10 እስከ 15 ከመቶ በላይ ዝቅ ያለ ሲሊንደር ምክንያቱ መታወቅ አለበት። በቤንዚን ሞተር አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምሮ እንደገና ሲለካ ቁጥሩ ከፍ ካለ ችግሩ የፒስተን ቀለበት ነው፤ ካልተለወጠ ቫልቭ ወይም ጓርኒሲዮን ነው። በናፍጣ ሞተር ግን ክፍት ቦታው ጠባብ በመሆኑ ዘይት መጨመር ራሱ እንደ ውሃው ሊጎዳ ይችላል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ በመካከላቸው ያለው የቴስታታ ጓርኒሲዮን ይጠረጠራል።

ከጎርፍ በኋላ ዋናው ስጋት የተጣመመ ቢየላ ነው። ወደ ቤላሩሱ ስሌት ብንመለስ ቢየላው በ1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢያጥር 16 እጥፍ የነበረው እመቃ ወደ 14.4 ይወርዳል፤ መለኪያውም ያን ሲሊንደር ከ10 ከመቶ በላይ ዝቅ አድርጎ ያሳያል። ጥምዘቱ ከዚያ ካነሰ ግን በተለመደው የቁጥር መዋዠቅ ውስጥ ሊሸሸግ ይችላል። እንዲህ ያለው ሞተር ተነስቶ ጥቂት ጊዜ ይሠራና አንድ ቀን ቢየላው ተሰብሮ የሞተሩን ግድግዳ በስቶ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ሞተሩ ውሃ ይዞ በሞተሪኖ እንደዞረ ከታወቀ፣ መለኪያው ደህና ቢልም እንኳ፣ ቴስታታው ተነስቶ የየፒስተኑ ከፍታ ቢለካ ይመረጣል። ሾፌሩ የሆነውን ሁሉ በግልጽ እንዲናገር ማበረታታትም የምርመራው አካል ነው። ቅጣት ፈርቶ «አላዞርኩትም» ያለ ሾፌር ማኅበሩን አንድ ሙሉ ሞተር ሊያስከፍል ይችላል።

ከፍታችንና መዝገባችን

መመሪያ መጽሐፎች ላይ የሚጻፈው ቁጥር ብዙውን ጊዜ ለባሕር ጠለል የታሰበ ነው። ሀገራችን ግን ከፍታ ላይ ናት። በፎገራ ሜዳ፣ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ የአየር ግፊቱ የባሕር ጠለሉ አራት አምስተኛ ያህል ነው፤ በአዲስ አበባ ከዚያም ያንሳል። በመሆኑም ባሕር ዳርቻ ላይ 12 ባር የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር ፎገራ ላይ 9 ተኩል ያህል ቢያሳይ አልታመመም። ይህን ያላወቀ ባለሙያ ደህናውን ሞተር «አርጅቷል» ብሎ ሊያስፈታው ይችላል።

እንግዲህ ለአንድ ሞተር ከሁሉ የተሻለው ምስክር የራሱ የቀድሞ ቁጥር ነው። ጆን ሳዘርን ከ200 ዓመት በፊት መለኪያውን ከወረቀት ጋር አገናኝቷል፤ ቁጥር ካልተጻፈ ይረሳል። ትራክተሩ ወይም ፓምፑ ጤነኛ ሳለ፣ ክረምት ከመግባቱ በፊት፣ የየሲሊንደሩ ኮምፕሬሽን ተለክቶ ከቀኑና ከሥራ ሰዓቱ ጋር በማሽኑ መዝገብ ላይ ቢሰፍር ጎርፍ የመጣ ዕለት ማኅበሩ የሚያነጻጽርበት ነገር ይኖረዋል። የጥገና ሂሳብ ሲቀርብም የሥራ አመራር ኮሚቴውና የቁጥጥር ኮሚቴው በግምት ሳይሆን በቁጥር ይከራከራሉ።

የተከበራችሁ አባላትና የወረዳ ኃላፊዎች፣ ይህን ለማድረግ ታላቅ በጀት አያስፈልግም። ለናፍጣና ለቤንዚን አንድ አንድ መለኪያ፣ አንድ መዝገብ፣ የሠለጠኑ ሁለት ሰዎችና «ውሃ የነካው ሞተር ሳይመረመር አይዞርም» የሚል አንድ ደንብ በየማሽን መጠለያው ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ይበቃል። የአባላት ሀብት የሚጠበቀው በመጋዘን ቁልፍና በኦዲት ብቻ አይደለም፤ ዝናብ ሳይጥል ፓምፑን ከወንዝ ዳር በማንሳትና ጎርፉ ሲያልፍ ቁልፉን ባለማዞር ጭምር ነው።

መልካም የምሥረታ በዓል!